የመመረቂያ ጽሑፍ ከውጭ አገር ኩባንያ ጋር፦ ለምህንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በጀርመን ምህንድስና የሚማሩ ኢትዮጵያውያን የመጨረሻው ሴሚስተር ሲቃረብ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስዊድን፣ ፊንላንድ ወይም ኔዘርላንድስ ካለ ኩባንያ ጋር መሥራት እችላለሁ ወይ? ትችላላችሁ። ብዙው ሰው የሚፈራው ኩባንያ ማጣትን ነው፤ ዋናው ችግር ግን የሚመጣው ኩባንያው ከተገኘ በኋላ ነው። ኩባንያው ከእናንተ የሚጠብቀው መፍትሔ ነው፤ ማሽኑ እንዳይቆም፣ ወጪው እንዲቀንስ። ፈታኙ ፕሮፌሰር የሚጠብቀው ደግሞ ማስረጃ ነው፤ ጥያቄው ምን ነበር፣ በምን ዘዴ ተመረመረ፣ ውጤቱስ ምን ያህል ይታመናል። እነዚህ ሁለት ሰዎች እስከ መጨረሻው ላይተዋወቁ ይችላሉ። በመካከላቸው ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የሁለቱን ፍላጎት ገና ሳትፈርሙ እንድታስታርቁ የሚረዱ ናቸው።

ምሳሌዬ በጀርመን ሆኽሹለ (የከፍተኛ ትምህርት ተቋም) ተመዝግቦ ወደ ሌላ የአውሮፓ አገር የሚሄድ ተማሪ ነው። ሌላ አገር የምትማሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ፤ የሕጉን ዝርዝር ግን ከራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ አጣሩ።

1. የፈተና ደንባችሁን አንብቡ

እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የራሱ የፈተና ደንብ አለው። አሰልቺ ሰነድ ነው፤ ቢሆንም ስለ መመረቂያ ጽሑፍ የሚናገረው ክፍል ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ስድስት ነገር ፈልጉበት፦ ጽሑፉ ስንት ክሬዲት እንደሆነ፣ ከተመዘገባችሁ በኋላ ስንት ሳምንት እንዳላችሁ፣ ለመመዝገብ ምን ያህል ክሬዲት ማጠናቀቅ እንዳለባችሁ፣ በየትኛው ቋንቋ መጻፍ እንደሚፈቀድ፣ ሁለተኛ ፈታኝ ማን መሆን እንደሚችል፣ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ለመሥራት የተለየ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ።

ክሬዲቱ ለምን ቀድሞ ይታወቅ? የሰዓት በጀታችሁ ስለሆነ ነው። በጀርመን የባችለር መመረቂያ ጽሑፍ ከ6 እስከ 12 ክሬዲት ይይዛል፤ አንዱ ክሬዲት ቢበዛ 30 ሰዓት ነው። 12 ክሬዲት ማለት እንግዲህ 360 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ ዘጠኝ ሳምንት ማለት ነው። በስዊድን የባችለሩ ጽሑፍ 15 ክሬዲት ሆኖ አሥር ሳምንት ሲወስድ፣ በማስተርስ ደረጃ ያለው 30 ክሬዲትና ሃያ ሳምንት ነው። በፊንላንድ የተግባር ዩኒቨርሲቲዎች 15 ክሬዲት ወደ 400 ሰዓት ይጠጋል። ለስዊድን ኩባንያ "የመመረቂያ ሥራ" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየው ያ የሃያ ሳምንቱ ነው። ሰዓታችሁን በቁጥር ካልነገራችሁት የእናንተን እጥፍ የሚሆን ሥራ አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

2. ከኩባንያው በፊት ፕሮፌሰር ያዙ

ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። መጀመሪያ ከኩባንያ ጋር ይስማማሉ፤ ከዚያ የተጨረሰ ርዕስ ይዘው የፕሮፌሰሩን በር ያንኳኳሉ። ፕሮፌሰሩ "ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም" ወይም "ይህ የልምምድ ሪፖርት እንጂ የመመረቂያ ጽሑፍ አይደለም" ካለ ስምምነቱ ከንቱ ሆነ። ለዲግሪው የምትመዘገቡት በዩኒቨርሲቲው ነው፤ ውጤት የሚሰጠውም ፕሮፌሰሩ ነው።

በዚህ ደረጃ ርዕስ አያስፈልጋችሁም። ዘርፉን፣ አገሩንና ጊዜውን ይዛችሁ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከውጭ አገር ኩባንያ ጋር የሚሠራ ተማሪ ይቀበላሉ? የምስጢር ውል ይፈርማሉ? የኩባንያው መሐንዲስ ሁለተኛ ፈታኝ ቢሆን ይስማማሉ? የመጨረሻው በብዙ የጀርመን ሆኽሹለዎች ይፈቀዳል፤ ሰውዬው ቢያንስ እናንተ የምትፈተኑበት ደረጃ ወይም ተመጣጣኙ ሊኖረው ይገባል። የምስጢር ውል በጭራሽ የማይፈርሙ ፕሮፌሰሮች አሉ። ይህን ቀድሞ ማወቅ የወራት ልፋት ያድናል።

3. ኩባንያውን ፈልጉ

ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ስድስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። በስዊድን ለጸደይ ሴሚስተር የሚሆኑ ማስታወቂያዎች በብዛት የሚወጡት ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው፤ ሥራው በጃንዋሪ ይጀምራል። እንደ ስካንያ፣ ቮልቮና ኤሪክሰን ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች በሥራ ማስታወቂያ ገጻቸው ላይ ለመመረቂያ ሥራ የተለየ ክፍል አላቸው። ስትፈልጉ የአገሩን ቃል ተጠቀሙ። ስዊድኖች በዕለት ንግግራቸው "ኤክስዮብ" ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ከማስታወቂያው ብዙው ያመልጠዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ከዝነኛው ይልቅ መካከለኛው ኩባንያ ይሻላል። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው የፓምፕ ወይም የማርሽ ሳጥን አምራች ማስታወቂያ ላያወጣ ይችላል፤ ግን አንድ መሐንዲስ ሁለት ዓመት ሙሉ "ጊዜ ሳገኝ እሠራዋለሁ" እያለ ያስቀመጠው ጉዳይ አይጠፋም። ደብዳቤያችሁ እዚያ ሰው ዘንድ ይድረስ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ማን እንደሆናችሁ በሁለት መስመር፤ ከዚያ ስለ ኩባንያው ምርት የገባችሁን ነገርና ልትመረምሩት የምትፈልጉትን አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ፤ ቀጥሎ የሰዓት በጀታችሁን፣ የምትጀምሩበትን ወር፣ የምትጽፉበትን ቋንቋ፣ ፕሮፌሰር እንዳላችሁ። የውጤት ዝርዝራችሁን አያይዙ። የተለመደው ስህተት ስለ ራስ ትጋት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ስለ ሥራው ምንም አለማለት ነው። የሚያነበው መሐንዲስ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፦ ይህ ልጅ ማትላብ ወይም ፓይተን ይችላል? የመለኪያ መሣሪያ ነክቶ ያውቃል? ስንት ሰዓቴን ይወስድብኛል?

4. ምኞቱን ወደ ጥያቄ አጥቡት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ጽሑፉ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ኩባንያው የሚሰጣችሁ ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ ምኞት ነው። "ለፓምፖቻችን ብልሽትን ቀድሞ የሚያሳውቅ ሥርዓት ሥራልን" ይላል። ይህ ለአንድ ቡድን የዓመታት ሥራ ነው፤ እናንተ 360 ሰዓት አላችሁ። ምኞቱን አትናቁት፤ ቆርሳችሁ ውሰዱ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ በሚሽከረከር በአንድ የፓምፕ ዓይነት ላይ፣ በኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ላይ የደረሰን ጉዳት በንዝረት ልኬት ከጤነኛው መለየት ይቻላል ወይ? በርካሹ ሴንሰር የሚገኘው ውጤትስ ከውዱ ምን ያህል ያንሳል?" አሁን የሚለካ ነገር አለ። የሚነጻጸሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልሱ "አይቻልም" ቢሆንም ጽሑፉ አይወድቅም፤ ለምን እንደማይቻል ያሳያል። መልሱ "አዎ" ካልሆነ የሚፈርስ ርዕስ አትቀበሉ።

ቀጥሎ ዳታው። "የሦስት ዓመት ዳታ አለን" የሚል ኩባንያ ብዙ ነው፤ አይዋሽም። ግን ሳትፈርሙ የአንድ ቀን ናሙና ፋይል ጠይቁ፤ ከፍታችሁም እዩት። ምን ትፈልጋላችሁ? አንደኛ፣ ልኬቱ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደተመዘገበ። ከላይ ባለው ምሳሌ ዘንጉ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በውስጡ ያለው ኩሽኔታ ባለ ዘጠኝ ጥይቱ 6205 ቢሆን፣ የውጭ ቀለበቱ ጉዳት ምልክት በዘንጉ ፍጥነት 3.58 ገደማ ተባዝቶ ወደ 90 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። አንድን ድግግሞሽ ለማየት በሰከንድ ከእጥፉ በላይ መለካት ግድ ነው። ያውም ጉዳቱ ገና ሲጀምር ጎልቶ የሚታየው በብዙ ሺህ ኸርዝ ላይ ባለው የብረቱ ሬዞናንስ ስለሆነ፣ በሰከንድ አሥር ሺዎች ልኬት ያስፈልጋል። የፋብሪካው የቁጥጥር ሥርዓት ያስቀመጠው ግን በየአሥር ደቂቃው አንድ አማካይ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውስጥ ምንም ዓይነት ሒሳብ የኩሽኔታውን ድምፅ መልሶ አያወጣውም። የሦስት ዓመቱ ዳታ ለሥራችሁ አይረዳም ማለት ነው፤ ራሳችሁ ልትለኩ ነው፤ ለዚያም ሴንሰር፣ የማሽን ጊዜና የፈረቃ ኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ዳታው ስም አለው ወይ? ኩሽኔታው የተቀየረበት ቀን በጥገና መዝገብ ላይ ካልተጻፈ፣ የቱ ጤነኛ የቱ የታመመ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ሦስተኛ፣ የመለኪያ አሃዱና ሴንሰሩ የተገጠመበት ቦታ። ሽፋኑ ላይ የተገጠመ ሴንሰርና ኩሽኔታው ቤት ላይ የተገጠመ ሴንሰር የሚሰሙት አንድ አይደለም።

የመጠባበቂያ መንገድም ያዙ። ማሽኑ ለጥገና ቢወርድስ? ሴንሰሩ ስድስት ሳምንት ቢዘገይስ? ለዚህ ምሳሌ የአሜሪካው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የለቀቀው የኩሽኔታ ንዝረት ዳታ አለ፤ ይኸው 6205 ኩሽኔታ አለበት። ጉዳቱ ሆን ተብሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የተቦረቦረ ስለሆነ እንደ ፋብሪካው እውነት አይቆጠርም፤ ዘዴያችሁን ለመፈተን ግን በቂ ነው። በሌሎች ዘርፎችም ተመሳሳይ ክፍት ዳታ ቀድማችሁ ፈልጉና በዕቅዱ ውስጥ በስሙ ጻፉት።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ገጽ አስፍሩ፦ ጥያቄው፣ ዘዴው፣ ከኩባንያው የሚያስፈልገው፣ በሥራው ውስጥ የማይካተተው፣ መጠባበቂያው። "የማይካተተው" የሚለው መስመር ከሁሉ ይጠቅማል። "ሥርዓቱን በፋብሪካው መትከል አይካተትም" ብላችሁ ካልጻፋችሁ በአሥረኛው ሳምንት ትከሉ ትባላላችሁ። ገጹን በአንድ ኢሜይል ለፕሮፌሰሩም ለኩባንያውም ላኩና ሁለቱም "እስማማለሁ" ብለው እንዲመልሱ ጠይቁ።

5. ውሉን በጥንቃቄ አንብቡ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ውሉ የሚላከው ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ሊያስፈርሟችሁም ይቸኩላሉ። ረቂቁን የግድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አብዝታችሁ የምትፈትሹት የምስጢር አንቀጹን ነው። በጀርመን የተለመደው ጽሑፉ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲቆለፍ ማድረግ ነው። የተቆለፈ ጽሑፍ ለቀጣሪ አይታይም፤ ለማስተርስ ማመልከቻም አይያያዝም። በስዊድን ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ እዚያ ያሉ ኩባንያዎች ሌላ ልማድ አላቸው፦ የመመረቂያ ጽሑፉ ክፍት ይሆናል፣ ምስጢሩ ደግሞ ለኩባንያው ብቻ በሚሰጥ በሌላ የውስጥ ሪፖርት ይቀመጣል። በፊንላንድም የተግባር ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፎች ቴሴውስ በሚባል የጋራ ማኅደር ላይ ስለሚወጡ ምስጢሩ ወደ አባሪ ይሄዳል። በጀርመን ተመዝግባችሁም ይህን መንገድ ብትጠይቁ እመክራለሁ። የምርት ቁጥሮችን በአንጻራዊ መጠን መተካት፣ የደንበኛ ስም ማውጣት፣ የማሽኑን ሥዕል ማቅለል፤ አብዛኛው ምስጢር በዚህ ይፈታል።

መቆለፉ የማይቀር ከሆነ አንቀጹ ፈታኞችንና የፈተና ቢሮውን በግልጽ ነጻ ማድረግ አለበት፤ አለበለዚያ ጽሑፉን ማስረከብ ራሱ ውል ማፍረስ ይሆናል። ኩባንያው ረቂቁን የሚያይበት የጊዜ ገደብም ይጻፍ፤ ለምሳሌ አሥር የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ይህ ካልተጻፈ የሕግ ክፍሉ ረቂቁን ይዞ ሲተኛ የማስረከቢያው ቀን ያልፋል። የገንዘብ ቅጣት የሚጥል አንቀጽ ካለ ለዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል ሳታሳዩ አትፈርሙ።

መብቱስ? በጀርመን ሕግ የጽሑፉ ደራሲ ጸሐፊው ነው፤ የደራሲነት መብት ራሱ አይሸጥም፤ የሚሰጠው የመጠቀም መብት ነው። የጀርመኑ የሠራተኞች ፈጠራ ሕግም ተቀጣሪ ላልሆነ ተማሪ አይሠራም። ስለዚህ ፈጠራ ቢገኝ ወደ ኩባንያው የሚሄደው በፈረማችሁት ውል ነው፤ ውሉ በሌላ አገር ሕግ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው የሚናገረው መስመር ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ድረስ አንብቡ።

ክፍያን በተመለከተ በግልጽ ጠይቁ። በየወሩ የሚከፍል አለ፤ ጽሑፉ ጸድቆ ሲያልቅ አንድ ጊዜ የሚከፍል አለ፤ ጭራሽ የማይከፍልም አለ። የመጨረሻ ክፍያ የቤት ኪራይ አይከፍልላችሁም።

6. ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና ገንዘብ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ተማሪ ይህ ደረጃ ከርዕሱ እኩል ክብደት አለው። የጀርመን ወይም የአውሮፓ ዜግነት ያላችሁ ወደ ድጎማው አንቀጽ ዝለሉ።

በጀርመን የተሰጣችሁ የመኖሪያ ፈቃድ በሌሎች የሼንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን እንድትቆዩ ያስችላችኋል። ይህ የጉብኝት መብት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ አይደለም። የመመረቂያ ሥራ እንደ ሥራ፣ እንደ ልምምድ ወይስ እንደ ጥናት እንደሚቆጠር አገር ከአገር ይለያያል። "ሌላው ተማሪ ሄዶ ነበር" የሚለውን ወሬ አትመኑ፤ ለዚያ አገር ኤምባሲ ወይም የስደተኞች ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ተማሪዎች በሌላ አባል አገር እስከ 360 ቀን የትምህርታቸውን ክፍል እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሚናገረው በልውውጥ ፕሮግራም ወይም በስምምነት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሄድ ተማሪ ነው። ወደ ኩባንያ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ በእርሱ አትተማመኑ። ዴንማርክና አየርላንድ ደግሞ መመሪያውን አልተቀበሉም።

ሁለተኛው ወጥመድ የስድስት ወሩ ደንብ ነው። ከጀርመን ወጥታችሁ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመለሳችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በሕግ ይወድቃል፤ የውጭ ዜጎች ቢሮው ቀድሞ ረዘም ያለ ቀን ካልሰጣችሁ በቀር። ሦስት ወር ልምምድና ሦስት ወር ጽሑፍ በአንድ ኩባንያ የሚያያይዝ ተማሪ በትክክል እዚህ ወሰን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ለዕረፍት ቢሄድ ያልፈዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ለቢሮው ጻፉ፤ የዩኒቨርሲቲውን ማረጋገጫና የኩባንያውን ውል አያይዙ። ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንም ተመልከቱ፤ ከውጭ ሆኖ ማሳደስ ከባድ ነው። በሴሚስተሩ መመዝገባችሁን አታቋርጡ፤ ያልተመዘገበ ሰው ጽሑፍ አያስረክብም።

በኢንሹራንስ ካርዳችሁ ጀርባ ያለው የአውሮፓ የጤና ካርድ በአብዛኛው የኅብረቱ አገር ያገለግላል። ከአውሮፓ ውጭ ዜግነት ላለው ሰው ግን በዴንማርክ፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይንና በስዊዘርላንድ አይሠራም። ጀርመናዊ የክፍል ጓደኛችሁ ኦስሎ ሄዶ የታከመበት ካርድ ለእናንተ ላያገለግል ይችላል ማለት ነው። ወደነዚህ አገሮች የምትሄዱ የተለየ የጤና ኢንሹራንስ ግዙ። የአደጋና የኃላፊነት ኢንሹራንስም ያስፈልጋል፤ ፋብሪካ ውስጥ በስህተት የሰበራችሁት የመለኪያ መሣሪያ ከአንድ ዓመት ኪራይ ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ድጎማው እንምጣ። የኢራስመስ ፕላስ የልምምድ ድጎማ በኩባንያ ለሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍም ሊሰጥ ይችላል፤ ዜግነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ተሳታፊ በሆነ ዩኒቨርሲቲ መመዝገብን ነው። ዝቅተኛው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ዘጠኝ ሳምንት የሚወስድ ጽሑፍ ያችን ወሰን ለጥቂት ያልፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን በጥንቃቄ አስሉ። ማመልከቻው ከጉዞ በፊት በዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ በኩል ይቀርባል፤ ተማሪው፣ ዩኒቨርሲቲውና ኩባንያው ሦስቱም የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነትም አለ። ከሄዱ በኋላ የሚያመለክቱ ተማሪዎች አያገኙም።

አንድ የእኛ ጣጣ ልጨምር። የአባት ስማችን በአንዱ ሰነድ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው መካከለኛ ስም ይሆናል፤ አያት በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። ውሉ፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱ፣ የድጎማው ስምምነትና የቤት ኪራዩ ሁሉም በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይሁኑ። አንድ ፊደል የተለየበት ሰነድ ለሳምንታት ሊያመላልሳችሁ ይችላል።

ቤት ፍለጋውን ከፈቃዱ ጋር እኩል አስኪዱት፤ ስቶክሆልም በተለይ ከባድ ነው። ለሁለትና ለሦስት ወር ክፍል የሚያከራይ ወገን ለማግኘት የከተማው የኢትዮጵያውያን ማኅበርና ቤተ ክርስቲያኑ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይፈጥናሉ።

7. ሰዓቱን ለማስጀመር አትቸኩሉ

ጽሑፉን በፈተና ቢሮው ስታስመዘግቡ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ብዙዎች ኩባንያው የገቡበትን ቀን የምዝገባ ቀን ያደርጉታል። ያኔ የመግቢያ ካርድ የለም፣ ኮምፒዩተሩ አልተሰጠም፣ የዳታው ፈቃድ "በሂደት ላይ" ነው። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ያልቃል። ደንባችሁ ከፈቀደ መጀመሪያ ግቡ፣ ማሽኑን እዩ፣ ዳታውን በእጃችሁ ያዙ፣ ከዚያ አስመዝግቡ። ከጉብኝቱ የተረዳችሁት ርዕሱን የሚቀይር ከሆነም በዚህ ጊዜ መቀየር ቀላል ነው፤ ከተመዘገበ በኋላ ርዕስ መቀየር በብዙ ደንቦች አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ነው የሚፈቀደው።

የዕረፍት ወቅቱንም አስሉ። በስዊድን በጁላይ ፋብሪካው ከነመሐንዲሶቹ ይዘጋል፤ በጣሊያን ኦገስት እንዲያ ነው። የመለኪያ ሳምንታችሁ እዚያ ላይ ከወደቀ ከጥበቃ ሠራተኛው በቀር የምታናግሩት አይኖርም።

8. በሥራው ሳምንታት

የአሥራ ሁለት ሳምንት ጊዜ ካላችሁ ልኬት በስምንተኛው ሳምንት ይቁም። "አንድ ሙከራ ብቻ ልጨምር" የሚለው ፈተና ያን ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ኩባንያውም ያበረታታዋል፤ ለእርሱ ትርፍ ነውና። የዘዴውን ምዕራፍ እየለካችሁ ጻፉት። የትኛው ሴንሰር፣ የት፣ በስንት ብሎን ጥብቀት፣ በምን የሙቀት መጠን እንደሆነ ከአንድ ወር በኋላ አይታወስም።

በየሳምንቱ ለኩባንያው አማካሪ አጭር ማስታወሻ ላኩ፤ ለፕሮፌሰሩ በየሁለት ሳምንቱ። ምን ተሠራ፣ ምን ተገኘ፣ ምን ጎደለ። ኩባንያው አዲስ ሥራ ሲጨምርባችሁ በቃል እምቢ ከማለት ይልቅ ያችን አንድ ገጽ አውጡና "ይህን ልጨምር፤ የቱ ይውጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ድፍረት አይታይም። ከእኛ ቤት ታላቅን አክብሮ ዝም የማለት አስተዳደግ ጋር ግን ይጋጫል፤ ስለዚህም ነው ደጋግሜ የማነሣው። ችግር ተደብቆ በአሥረኛው ሳምንት ሲወጣ ነው የሚናደዱት።

የኩባንያውን ዳታ በግል ኮምፒዩተር፣ በግል ኢሜይል አታንቀሳቅሱ። በተለይ ምስጢራዊ አንቀጽን ቋንቋ ለማስተካከል ብላችሁ ነጻ የትርጉም ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ላይ አትለጥፉ፤ የምስጢር ውሉን በአንድ ጠቅታ ማፍረስ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ጽሑፉ የራሳችሁ ሥራ መሆኑን በፊርማ እንድታረጋግጡ ያደርጋችኋል፤ የተጠቀማችሁበት መሣሪያ ካለ እንዴት እንደሚገለጽ ቀድማችሁ ጠይቁ።

9. ረቂቁ፣ ማስረከቡና ሽኝቱ

ረቂቁ ለኩባንያው የሚደርሰው ከማስረከቢያው ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ በውሉ ያስጻፋችሁት አሥር የሥራ ቀን ከእርማቱ ጋር እዚያ ውስጥ ይገባል። ኩባንያው ምስጢር እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል። ውጤት እንዲለወጥ ወይም ደካማው ሴንሰር ተሽሎ እንዲቀርብ ከጠየቀ ግን ለፕሮፌሰሩ ወዲያው ንገሩ፤ ያ የእናንተ ክርክር አይደለም።

ለሁለቱ አንባቢዎች ሁለት ጽሑፍ አዘጋጁ። የዩኒቨርሲቲው ጽሑፍ ዘዴውንና የልኬቱን ስህተት መጠን በዝርዝር ይዞ ይቀርባል። ለኩባንያው ሁለት ገጽ ይበቃዋል፦ ምን ይግዛ፣ ምን አይግዛ፣ ቀጥሎ ምን ይሞከር። ይህ ሁለት ገጽ ከሌለ ኩባንያው ምክሩን በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ለማስገባት ይጫናችኋል፤ ፈታኙም "ይህ የሽያጭ ወረቀት ነው" ይላል። የመከላከያው ገለጻ በኢንተርኔት ይሁን በአካል፣ የኩባንያው ሰው ይገኝ አይገኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ይወሰን፤ የተቆለፈ ጽሑፍ ገለጻ ለሌሎች ተማሪዎች ክፍት አይሆንም።

ከኩባንያው ከመውጣታችሁ በፊት ኮምፒዩተሩን ስትመልሱ በውስጡ የቀረ የልኬት ፋይል እንዳይኖር ከአማካሪው ጋር አብራችሁ እዩ፤ ፈታኙ በኋላ ጥሬውን ዳታ ሊጠይቅ ስለሚችል የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ተስማሙ። የሥራ ምስክር ወረቀቱንም በዚያው ሳምንት ተቀበሉ። የኢራስመስ ድጎማ ተቀባዮች የቆይታ ማረጋገጫውን በመጨረሻው የሥራ ቀን አስፈርሙ፤ ድጎማው በመጨረሻ የሚሰላው በዚያ ወረቀት ላይ ባሉት ሁለት ቀኖች ነው፤ ከተስማማችሁበት ካነሰ ልዩነቱን መልሱ ትባላላችሁ።